ከጄምስታውን እስከ ሕገ መንግሥቱ፦ የአሜሪካን የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ በኮሌጅ እንዴት እናጥና?

በአሜሪካ ኮሌጆች «የአሜሪካ ታሪክ አንድ» የሚባለው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሬዲት አለው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሩ ከነበሩት ሕዝቦች ይነሳና እንደየኮሌጁ በ1865 ወይም በ1877 ያበቃል። አገር ቤት ተምረው ለመጡ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚከብደው የጥያቄው ዓይነት ነው። ታሪክን የለመድነው በሽምደዳ ነው፤ የንጉሡ ስም፣ የጦርነቱ ቦታ፣ ዓመቱ። እዚህ ግን መምህሩ አንድ ገጽ የቆየ ሰነድ ያቀርብና «ይህን ማን ጻፈው? ለማን? ለምንስ ያን ጊዜ?» ይላል። ዓመቱን ሁሉ በቃሉ የያዘ ተማሪ ለዚህ መልስ ካጣ የሚያገኘው ግማሽ ነጥብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናበት ሳይቆጠርለት ይቀራል።

እዚህ የምናተኩረው እንግሊዞች ጄምስታውንን ቨርጂንያ ውስጥ ከቆረቆሩበት ከ1607 የመብቶች ድንጋጌው (ቢል ኦፍ ራይትስ) ሕገ መንግሥቱ ላይ እስከተጨመረበት እስከ 1791 ባለው ዘመን ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ዘመኑን አስተካክሉ

በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር። በልብ ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነሱ ማጥናት መዘዝ አለው። የነጻነት አዋጁ የወጣው ጁላይ 4 ቀን 1776 ነው፤ በእኛ 1768 ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ የተፈረመው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ነው፤ በእኛ 1780። ለመጀመሪያው ስምንት፣ ለሁለተኛው ሰባት ተቀንሷል ማለት ነው። ይህን በፈተና ሰዓት መልሶ ለመደመር የሚሞክር ተማሪ ይሳሳታል።

የምታውቁትን የአገራችንን ታሪክ ግን እንደ ካስማ ተጠቀሙበት። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 አካባቢ ሲቆረቁሩ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃርቫርድ በዚያው ዓመት ተመሠረተ። አድያም ሰገድ ኢያሱ በነገሡበት በ1682 ዊልያም ፔን ወደ ፔንሲልቬንያ መጥቶ ፊላዴልፊያን አቋቋመ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት ማርች 5 ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ላይ አምስት ሰው ገደሉ። እንዲህ የተያያዘ ዓመት ከአእምሮ አይጠፋም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ለለመደ ሰው ግን ቀላል ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ይሄዱ ነበር፤ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ በጃንዩወሪ፣ በፌብሩወሪና እስከ ማርች 24 ባለው ጊዜ የተጻፈ ሰነድ ላይ «1691/2» የሚል ድርብ ዓመት ልታዩ ትችላላችሁ። በዛሬው አቆጣጠር 1692 ነው፤ የሴለም የጥንቆላ ክስ የጀመረበት ዓመት። በ1752 ሴፕቴምበር 2 አደረና በማግስቱ ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ አሥራ አንድ ቀን ተዘለለ። ጆርጅ ዋሽንግተን በተወለደበት አቆጣጠር ልደቱ ፌብሩወሪ 11 ቀን 1731 ሲሆን ዛሬ የሚከበረው ፌብሩወሪ 22 ቀን 1732 ተብሎ ነው። ስፔንና ፈረንሳይ ከ1582 ጀምሮ አዲሱን አቆጣጠር ስለያዙ፣ አንድ ድርጊት በእንግሊዝና በስፔን ሰነድ የተለያየ ቀን ቢኖረው «አንዱ ዋሽቷል» ብላችሁ አትቸኩሉ።

መቶ ዓመተ ምሕረት መያዝ አያስፈልግም፤ አሥራ አምስት ያህል ይበቃል፣ በሰንሰለት ከተያዘ። ለምሳሌ 1763ን ማጠፊያ አድርጉት። ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የሰባት ዓመት ጦርነት በዚያ ዓመት ሲያበቃ እንግሊዝ ሰፊ መሬትና ከባድ ዕዳ ይዛ ወጣች። በመሬቱ ምክንያት በዚያው ዓመት ሰፋሪዎች ከአፓላቺያ ተራሮች ወዲያ እንዳይሻገሩ የሚከለክል አዋጅ ወጣ፤ በዕዳው ምክንያት በ1764 የስኳር ሕግ፣ በ1765 የቴምብር ሕግ መጣ። የቴምብር ሕጉ በተቃውሞ ብዛት በ1766 ተሻረ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ፓርላማው «በማንኛውም ጉዳይ ሕግ ላወጣላችሁ እችላለሁ» የሚል ሌላ ሕግ አወጣ። ከዚያ የ1767ቱ የታውንሸንድ ቀረጥ፣ የ1773ቱ የሻይ ሕግ፣ የ1774ቱ የቅጣት ሕጎች፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተን ላይ የተተኮሰው ጥይት። አንዱ ሌላውን የጎተተበትን ምክንያት በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ማገናኘት ከቻላችሁ ቀኖቹ ራሳቸው ተከትለው ይመጣሉ።

የሳምንቱ ሥራ

ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይታሰባል። ለሦስት ክሬዲት ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ስምንት ዘጠኝ ብሎ መያዝ ይሻላል። ሦስቱን ለመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ፣ ሁለት ሦስቱን ለሰነዶች፣ አንዱን የክፍል ማስታወሻን አጽድቶ ለመጻፍ፣ የቀረውን ለውይይት ጽሑፍና ለክለሳ ስጡ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ተማሪ ዘጠኙን ሰዓት እሑድ ላይ ከመከመር በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢይዝ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የቆየ እንግሊዝኛ ከሁለት ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይሄዳል እንጂ ልብ አይከተልም።

ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው መዝገበ ቃላት እያገላበጡ አታንብቡ። መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ መግቢያውን፣ ርእሶቹን፣ የካርታና የሥዕል መግለጫዎቹን፣ የመጨረሻውን አንቀጽ እዩ። ቀጥሎ አንድ ንዑስ ርእስ አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ፤ ያነበባችሁትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ በምን ይታወቃል። ሦስተኛውን መመለስ ካቃታችሁ ክፍሉን አላነበባችሁትም ማለት ነው። መጻፉ በአማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፤ የሰውና የቦታ ስሞችን ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀምጡ። ለመማሪያ መጽሐፍ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊትም መምህሩን ጠይቁ፤ ኦፕንስታክስ ያወጣው የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ብዙ መምህራንም ይቀበሉታል።

የካርታ ኩዊዝ ቀላል ነጥብ ነውና አታስመልጡት። አሥራ ሦስቱን ቅኝ ግዛቶች በሦስት ክፈሏቸው፦ በሰሜን አራት፣ ኒው ሃምፕሺር፣ ማሳቹሴትስ፣ ሮድ አይላንድ፣ ኮነቲከት፤ በመካከል አራት፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ዴላዌር፤ በደቡብ አምስት፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎችና ጆርጂያ። ሜይን ያኔ የማሳቹሴትስ አካል ነበረች፤ ቨርሞንት ከአሥራ ሦስቱ ውስጥ የለችም። በካርታው ላይ ስፔን በ1565 ያቋቋመቻትን ሴንት ኦገስቲንን፣ ፈረንሳይ በ1608 ያቋቋመቻትን ኪቤክን አስቀምጡ። ይህ ዘመን የእንግሊዞች ብቻ ታሪክ አይደለም፤ መምህራኑም በዚህ ላይ አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ሰነድ ማንበብ

የኮርሱ ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሕግ ላይ ጠጋ ብለን እንየው።

የቨርጂንያ ምክር ቤት በ1662 ያወጣው ሕግ ሲጀምር፣ እንግሊዛዊ ከጥቁር ሴት የወለደው ልጅ ባሪያ ይሁን ነጻ «ጥርጣሬ ስለተነሳ» ይላል። ከዚያም በዚህ አገር የሚወለድ ልጅ ሁሉ ባርነቱም ሆነ ነጻነቱ በእናቱ ይወሰናል ብሎ ይደነግጋል። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያሰምርበትና ያልፋል። ወርቁ ያለው ግን በመጀመሪያው ነው። ጥርጣሬ የተነሳው የት ነው? ማን አነሳው?

በእንግሊዝ ልማድ ልጅ በአባቱ ነበር የሚታወቀው፤ በስማችን የአባት ስም ለምናስከትል ለእኛ ይህ ግልጽ ነው። ኤልሳቤጥ ኪ የምትባል ሴት አባቷ እንግሊዛዊ፣ የቨርጂንያ ምክር ቤት አባል የነበረ፣ እናቷ አፍሪካዊት ነበረች። እንደ ባሪያ ስትቆጠር ፍርድ ቤት ቀረበችና አባቴ ነጻ ሰው ነው፣ ክርስትና ተነሥቻለሁ፣ እንዳገለግል የተወሰነልኝ ዘመንም አልፏል ብላ ተከራከረች። በ1656 ነጻ ወጣች። ስድስት ዓመት ቆይቶ የ1662ቱ ሕግ የአባትን መንገድ ዘጋ። በ1667 ሌላ ሕግ ጥምቀት ባሪያን ነጻ አያወጣም ብሎ ሁለተኛውን በር ዘጋ። በ1669 ጌታው ሲቀጣው የሞተ ባሪያ ጉዳይ እንደ ከባድ ወንጀል አይቆጠርም ተባለ፤ በ1705 ሁሉም በአንድ ሰፊ የባርነት ሕግ ተጠቃለለ።

አሁን ሕጉን መልሳችሁ ስታነቡት ሌላ ነገር ይላል፦ ባርነት በቨርጂንያ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በደረሱበት በ1619 ተሠርቶ ያለቀ አልነበረም፤ ሰዎች ፍርድ ቤት እየቀረቡ ሲያሸንፉ፣ ሕግ አውጪዎቹ የወጡበትን በር እየዘጉ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ገነቡት። ይህ ድምዳሜ ሙሉ ድርሰት ይወጣዋል። የተገኘውም ሦስት ነገር በማድረግ ነው፦ ሕጉ ምን ችግር ሊፈታ እንደወጣ መጠየቅ፣ ከእሱ በፊት የሆነውን መፈለግ፣ ከእሱ በኋላ የወጡትን በተራ መደርደር።

ሁለተኛ ምሳሌ። በሴፕቴምበር 1769 ቨርጂንያ ጋዜት ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ሳንዲ የሚባል፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ያህል፣ ጫማ ሰፊ፣ በግራ እጁ የሚሠራ ባሪያ ከአልበማርል አውራጃ ኮብልሏል፤ ነጭ ፈረስና የጫማ መሥሪያ ዕቃውን ይዞ ሄዷል። በአውራጃው ውስጥ ለያዘው 40 ሽልንግ፣ በቅኝ ግዛቱ ሌላ ቦታ ለያዘው 4 ፓውንድ፣ ከቅኝ ግዛቱ ውጭ ለያዘው 10 ፓውንድ። ከሥሩ የተጻፈው ስም ቶማስ ጄፈርሰን ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ «ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» ብሎ የጻፈው ሰው።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሁለት ባሕርይ አለው። ጌታው ሰውየው እንዲያዝለት ስለሚፈልግ መልኩን፣ ሙያውን፣ ልብሱን በትክክል መግለጽ አለበት፤ ለዚያ ይታመናል። ስለ ጠባዩ ሲናገር ግን ተቆጥቶ ነው የሚጽፈው፤ ማስታወቂያው ሳንዲን ጠጪና ተሳዳቢ ይለዋል፤ ይህን በጥንቃቄ ያዙት። ሳንዲ ራሱ አንድም ቃል አልተወልንም፤ የወሰደው ዕቃ ግን ይናገራል። የጫማ መሥሪያ ይዞ የሄደ ሰው በሙያው ሊኖር አስቧል። ፈረሱ ሩቅ መንገድ ያሳያል፤ ሽልማቱ በርቀት እየጨመረ መሄዱም ጌታው ይህንኑ እንደጠረጠረ ይጠቁማል። ስለ አንድ ሰው በጠላቱ ከተጻፈ ወረቀት የሰውየውን ሐሳብ ማውጣት የሚቻለው እንዲህ ነው።

ገንዘቡን ለመረዳት፦ 12 ፔንስ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነው። 40 ሽልንግ ሁለት ፓውንድ መሆኑን ያላወቀ ተማሪ ከ4 ፓውንድ የሚበልጥ ይመስለውና ትንታኔው ይገለበጣል።

ሥዕልም ሰነድ ነው። ፖል ሪቪር ስለ ቦስተኑ ግድያ በመዳብ ቀርጾ ያሳተመው ሥዕል በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ወታደሮቹ በአንድ መስመር ቆመው በአንድ ላይ ይተኩሳሉ፤ ካፒቴን ፕሬስተን ከኋላ ሰይፉን አንሥቶ ያዛል፤ ከጉምሩክ ቤቱ በላይ «የሥጋ አራጆች አዳራሽ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከችሎቱ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ጆን አዳምስ ለወታደሮቹ ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ ፕሬስተን በነጻ ተለቀቀ፤ ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነጻ ሲወጡ ሁለቱ ብቻ ሳያስቡ በመግደል ተፈረደባቸው። ሥዕሉ «ውሸት ነው» ብሎ መጣል ግን ግማሽ ሥራ ነው። ሥዕሉ የሚያስረዳው ያን ምሽት የሆነውን ሳይሆን፣ የቦስተን አርበኞች ሕዝቡ ምን እንዲያምን እንደፈለጉ ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ከሱ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም።

ሰነዶቹን በነጻ የምታገኙበት ቦታ ብዙ ነው። የዋሽንግተን፣ የጄፈርሰን፣ የአዳምስ፣ የፍራንክሊን፣ የሃሚልተንና የማዲሰን ደብዳቤዎች ፋውንደርስ ኦንላይን ላይ አሉ። ቻርተሮች፣ ሕጎችና ውሎች የዬል የሕግ ትምህርት ቤት አቫሎን ፕሮጀክት በሚለው ገጹ ሰብስቧቸዋል። የባሪያ መርከቦችን ጉዞ ስሌቭ ቮዬጅስ ላይ በዓመትና በወደብ መፈለግ ይቻላል። እዚያ የምታዩት ቁጥር አስተሳሰብ ይቀይራል፦ ከአፍሪካ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ ወደ ሰሜን አሜሪካ ዋና ምድር የደረሱት 388 ሺህ ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው ወደ ካሪቢያንና ብራዚል ነው የሄደው።

ፊደሉና ቃሉ

በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኅትመት ውስጥ በቃል መነሻና መካከል ያለው «ኤስ» ረዝሞ «ኤፍ» ይመስላል። በመብቶች ድንጋጌው ዋና ቅጂ ላይ ኮንግረስ የሚለው «ኮንግሬፍስ» ተብሎ የተጻፈ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለፍለጋም ይጠቅማል፤ ኮምፒዩተሩ የድሮ ጋዜጣ ሲያነብ ራሱ ይሳሳታል። ስኳርን ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ የመጀመሪያውን «ኤስ» በ«ኤፍ» ተክታችሁ እንደገና ፈልጉ።

ፊደሉ ተመሳሳይ ሆኖ ትርጉሙ የተቀየረ ቃል ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። «ሰርቫንት» የሚለው ለተወሰነ ዓመት የተዋዋለ ነጭ አገልጋይም፣ ባሪያም ሊሆን ይችላል፤ ከዐውዱ ፈልጉት። «ፕላንቴሽን» በመጀመሪያዎቹ ሰነዶች ሰፈራ ማለት ነው፤ ፕሊመዝ ፕላንቴሽን የጥጥ እርሻ አልነበረም። ጄፈርሰን «አገሬ» ሲል ብዙ ጊዜ ቨርጂንያን ማለቱ ነው። ሰባኪን «ኢንቱዚያስት» ካሉት ስድብ ነው፤ በስሜት የሚነዳ ማለት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ መሰናክል የሚሆነው «ፌዴራሊስት» ነው። በአገራችን ፖለቲካ ፌዴራሊስት ሲባል ሥልጣን ወደ ክልሎች ይውረድ የሚል ወገን ይታሰበናል። በ1787 ግን ተቃራኒው ነበር። ፌዴራሊስቶች ጠንካራ ማእከላዊ መንግሥት የሚፈልጉ፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት ይጽደቅ የሚሉ ናቸው። የክልሎች ሥልጣን እንዳይበላ የፈሩት አንቲ ፌዴራሊስቶች ይባላሉ። በዚህ አንድ ቃል ድርሰቱ ከነመሠረቱ የተገለበጠበት ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት።

«ቀይ ህንዶች» የሚለውን የለመድነውን ስያሜ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሳችሁ አትጻፉ። የሕዝቡን ስም ተጠቀሙ፦ በጄምስታውን አካባቢ ፓውሃታን፣ በፕሊመዝ ዋምፓኖአግ፣ በኒው ዮርክ ሆዲኖሾኒ፣ በ1680 ስፔኖችን ከሳንታ ፌ ያስወጡት ፑዌብሎ። ስሙን መጥራት ለአክብሮት ብቻ አይደለም። እነዚህ የየራሳቸው ፖለቲካ ያላቸው፣ አንዱ ከእንግሊዝ ሌላው ከፈረንሳይ ጋር የሚወግኑ መንግሥታት ስለነበሩ፣ በጅምላ ከጠራችኋቸው ጦርነቶቹ ትርጉም ያጣሉ።

ሌሎች ተደጋጋሚ ስህተቶች ባጭሩ፦ በ1620 ፕሊመዝ የደረሱት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጨርሰው የተለዩት ፒልግሪሞች ናቸው፤ በ1630 ቦስተንን ያቋቋሙት ፒዩሪታኖች ቤተ ክርስቲያኗን ከውስጥ ማጥራት የፈለጉ ናቸው። የ1776ቱ የነጻነት አዋጅ ሕግ አይደለም፤ ዛሬ ያለውን መንግሥት ያቆመው የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የሦስት አምስተኛው ስምምነት ደግሞ ስለ ሰው ክብር የተደረገ ክርክር አልነበረም። ባሪያ ያላቸው ግዛቶች የምክር ቤት ወንበር እንዲበዛላቸው ባሪያዎቹ ሙሉ በሙሉ እንዲቆጠሩ ይፈልጉ ነበር፤ የሰሜኖቹ ጭራሽ እንዳይቆጠሩ። አምስቱ እንደ ሦስት ሲቆጠሩ የደቡብ ባለባሪያዎች ሥልጣን ጨመረ።

የሊቃውንቱ ክርክር

የቤተ ክርስቲያን አንድምታ የሰማ ሰው ይህን ክፍል ቶሎ ይይዘዋል። አንድ ንባብ ይወሰድና «አንድም» እየተባለ ይፈታል። የታሪክ ምሁራንም አንዱን አብዮት አንድም የነጻነት አስተሳሰብ ያመጣው ነው፣ አንድም የነጋዴውና የባለመሬቱ ጥቅም ነው፣ አንድም የድሃው ሕዝብ እንቅስቃሴ ነው ይላሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ ሁሉም አንድምታ እኩል አይቆምም፤ ማስረጃው የቱን እንደሚደግፍ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ሠላሳ ገጽ የሚሆን የምሁር ጽሑፍ ሲሰጣችሁ የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾችና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀድማችሁ አንብቡ። ጸሐፊው ከሱ በፊት የነበሩት ምን እንዳሉ ይነግርና «ነገር ግን» ይላል፤ የራሱ ሐሳብ ከዚያ ቃል ቀጥሎ ያለው ነው። ቀጥሎ የየአንቀጹን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተከተሉ። የግርጌ ማስታወሻውን አትዝለሉ፤ ከየትኞቹ ሰነዶች እንደሠራ የሚታየው እዚያ ነው።

ድርሰቱ

አምስት ገጽ በድርብ መስመር 1,250 እስከ 1,500 ቃል ይሆናል። ነጥቡን የሚወስነው ቴሲስ የሚባለው የመከራከሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። «የአሜሪካ አብዮት ብዙ ምክንያቶች ነበሩት» ቴሲስ አይደለም፤ ማንም አይቃወመውም። ይህን ግን እዩ፦ «የ1773ቱ የሻይ ሕግ ሻይን ያረከሰ ሆኖ ሳለ ቦስተን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ መጣሏ፣ ጠቡ በዋጋው ሳይሆን ቀረጥ የመጣል ሥልጣን በማን እጅ ነው በሚለው ላይ እንደነበር ያሳያል።» የሚቃወም ሰው ሊኖር ይችላል፤ ማስረጃም ይጠይቃል። ያ ነው የሚፈለገው።

እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብ፣ አንድ ወይም ሁለት ማስረጃ፣ ከዚያ ማስረጃው ነጥቡን እንዴት እንደሚደግፍ የራሳችሁ ማብራሪያ ይኑረው። ጥቅስ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከጥቅሱ የሚረዝም ማብራሪያ ይከተለው። ጥቅስ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው መሄድ ትልቁ ነጥብ አስጣይ ነው። «ከጥንት ዘመን ጀምሮ የሰው ልጅ…» ብሎ መጀመርም ይቅር፤ በአገራችን የድርሰት ልማድ ያማረ መግቢያ ነው፣ እዚህ ግን ባዶ መስመር ነው።

የታሪክ ትምህርት የሚጠቀመው የቺካጎ አጠቃቀስ ነው። መጀመሪያ ሲጠቀስ ሙሉ መረጃው በግርጌ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የጸሐፊው የአባት ስም፣ ያጠረ ርእስና ገጽ ይበቃል። የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት አራት ቃል ቀይሮ ማስገባት፣ ምንጩ ተጠቅሶም ቢሆን፣ እንደ ስርቆት ሊቆጠር ይችላል። እንግሊዝኛቸው አልጠነከረም ብለው የሚሰጉ ተማሪዎች ሳያስቡት የሚወድቁበት እዚህ ነው። መፍትሔው ምንጩን መዝጋት፣ ሐሳቡን ለወዳጅ እንደምትነግሩ በአማርኛ መናገር፣ ከዚያ በራሳችሁ ቀላል እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። የተሰባበረ የራስ ዓረፍተ ነገር በኮሌጁ የጽሑፍ ማእከል ይቃናል፤ የተኮረጀ አይቃናም። ረቂቁን ከማስረከቢያው ሳምንት በፊት ይዛችሁ በመምህሩ ኦፊስ አወር ግቡ፤ መሄድ ድፍረት ወይም አለማወቅ አይደለም፣ ሰዓቱ የተመደበው ለዚሁ ነው።

ፈተና

ብዙ መምህራን ስም ወይም ድርጊት ሰጥተው «ግለጽ» ይላሉ። በአምስት ዓረፍተ ነገር መልሱ፦ ማን ወይም ምን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አስከተለ፣ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ። ነጥቡ ያለው በመጨረሻው ነው። «የቤከን አመፅ በ1676 ቨርጂንያ ውስጥ የተነሳ አመፅ ነው» ብቻውን ትንሽ ነጥብ ያመጣል፤ ድሃ ነጮችና ጥቁሮች አብረው መሣሪያ እንዳነሱና ብዙ ምሁራን ይህን ባለመሬቶቹ ወደ አፍሪካ ባርነት ከመዞራቸው ጋር እንደሚያያይዙት ሲጨመር ይሞላል። በ75 ደቂቃ ፈተና አራቱን አጫጭር በ24 ደቂቃ ጨርሱ፤ ለድርሰቱ 45 ያዙ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱ ለንድፍ ይሁኑ።

ኮርሱን ሳይወስዱ ክሬዲቱን ማግኘት የሚፈልጉ የክሌፕን ፈተና ይመልከቱ፤ 120 ያህል የምርጫ ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ኮሌጃችሁ እንደሚቀበለውና ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ አረጋግጡ።

ቦታውን ማየት

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው ዕድሉ ቅርብ ነው። የነጻነት አዋጁና ሕገ መንግሥቱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በነጻ ይታያሉ። ጄምስታውን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጆርጅ ፐርሲ ስለ 1609–10 ክረምት የጻፈውን አንብቡ። በዚያ የረሃብ ወቅት ከ300 ያህል ሰፋሪ የተረፈው 60 ገደማ ነው። ፐርሲ ያን ጊዜ አለቃቸው ነበር፤ ጽሑፉን የጻፈውም ከዓመታት በኋላ የቀድሞው አለቃ ጆን ስሚዝ ላሳተመው ታሪክ መልስ ለመስጠት፣ ራሱንም ለመከላከል ነው። ሰዎች የሰው ሥጋ በልተዋል ማለቱን አንዳንዶች ሲጠራጠሩት ኖሩ። በ2012 ቁፋሮው የአንዲት አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ የራስ ቅል አወጣ፤ አጥንቱ ላይ የቢላ ምልክት ነበረበት። በቦታው ባለው ሙዚየም ፊት ለፊቱ ስትቆሙ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ፦ ራሱን ለመከላከል የጻፈ ሰው በየትኛው ዓረፍተ ነገር ይታመናል፣ በየትኛው አይታመንም፣ አጥንቱስ የቱን ብቻ አረጋገጠ?